ዜሮ የምትል መሣሪያ ሁሌ እውነቷን አይደለም

ወጥ ቤት ያለው ሲሊንደር ሲያፈስ የሚሸተን ጋዙ ራሱ አይደለም። ፕሮፔንና ቡቴን ሽታ የላቸውም፤ ሽታው እንድንነቃ ተብሎ የሚጨመር ነው። ሽታ ያልተጨመረበት ጋዝ ያለበት ፋብሪካ ውስጥ ግን አፍንጫ ዋጋ የለውም፤ የሰው ሕይወት የሚንጠለጠለው ሠራተኞች ደረታቸው ላይ በሚሰኳት ትንሽ መሣሪያ ላይ ነው።

መጀመሪያ ቁጥሩን እንግባባ። ሚቴን አየር ውስጥ ከ5 በመቶ በታች ከሆነ አይቀጣጠልም። ከ15 በመቶ በላይ ሲሆንም ኦክስጅን ስለሚያንሰው አይቀጣጠልም። ጉዱ ያለው መሃል ላይ ነው። መሣሪያዋ 100 የምትለው ያንን 5 በመቶ ነው። ስለዚህ 20 ብላ ከጮኸች አየሩ ውስጥ ያለው ሚቴን 1 በመቶ ነው፤ ለመውጣት ጊዜ አለ ማለት ነው።

ውስጧ ምን አለ? በብዙዎቹ ውስጥ ከጤፍ የሚበልጡ፣ ከስንዴ የሚያንሱ ሁለት ዶቃዎች። በሁለቱም ውስጥ ቀጭን የፕላቲነም ሽቦ አለ፤ ኤሌክትሪክ 500 ዲግሪ አካባቢ ያግለዋል። አንደኛው ዶቃ እንደ ፓላዲየም ያለ ካታሊስት ስላለው ጋዙ እላዩ ላይ ያለ ነበልባል ይቃጠላል፣ ዶቃውም ይበልጥ ይግላል። ሽቦ ሲግል ኤሌክትሪክ እንደልቡ አያሳልፍም። ሁለተኛው ዶቃ ካታሊስት የለውም፤ የክፍሉን ሙቀት ብቻ ነው የሚያየው። የሁለቱ ልዩነት ማሳያው ላይ ቁጥር ሆኖ ይወጣል። (እሳት ይዛ ጋዝ ፍለጋ የምትሄድ መሣሪያ ራሷ ለምን አታፈነዳም? ጋዙ የሚገባው ሙቀቱን በሚውጥ ወንፊት መሰል ብረት በኩል ስለሆነ ነው። ሃምፍሪ ዴቪ በ1815 ለከሰል ማዕድን ቆፋሪዎች የሠራው ፋኖስም በዚሁ ዘዴ ነበር።)

እኔን የሚያስፈራኝ ጩኸቷ ሳይሆን ዜሮዋ ነው። አየሩ ንጹህ ከሆነ ዜሮ ትላለች፣ ጥሩ። ግን የሲሊኮን ማጣበቂያ ወይም ሲሊኮን ያለበት የፀጉር ቅባት ተን ከደረሳት፣ ዶቃው ላይ እንደ መስታወት ያለ ሽፋን ይጋገርና ካታሊስቱ ይሞታል፤ ያኔም ዜሮ ትላለች። ጋዙ ከልክ በላይ በዝቶ ኦክስጅን ካሳጣትም ንባቧ ወደ ዜሮ ሊጠጋ ይችላል። ታንከር ሊያጥብ የሚወርድ ሰው ሦስቱን በዓይኑ አይለያቸውም።

ለዚህ ነው ሥራ ከመጀመሩ በፊት መጠኑ የታወቀ ጋዝ ተነፍቶባት መጮህ አለመጮኋ የሚታየው። አንድ ደቂቃ አካባቢ የሚፈጅ ነገር ነው። «ትናንት ሠርታለች እኮ» የሚል አለቃ ካጋጠማችሁ አትስሙት፤ ዶቃው ከትናንት ወዲህ ሞቶ ሊሆን ይችላል።

በኢንፍራሬድ ብርሃን የሚሠሩት በሲሊኮን አይመረዙም፣ ኦክስጅንም አይፈልጉም። ብርሃኑ በጋዙ ሲዋጥ ነው የሚለኩት፤ መብራታቸው ከጠፋም ብልሽት መሆኑን ራሳቸው ይናገራሉ። ሃይድሮጅን ግን ያንን ብርሃን ስለማይውጥ ፈጽሞ አይታያቸውም። የአሲድ ባትሪ ቻርጅ ሲደረግ የሚወጣው ደግሞ ሃይድሮጅን ነው። ባትሪ ክፍል ውስጥ ኢንፍራሬድ ብቻ ተሰቅሎ ካያችሁ፣ የሰቀለውን ሰው ጠይቁት።