ስለ ማዘርቦርድ አመራረጥ

ባለፈው ክረምት እኛ የአኖ ተማሪዎች ገንዘብ አዋጥተን አንድ ያረጀ ኮምፒውተር ለማፍጠን አስበን ነበር። ወደ ነቀምቴ ተሳፍረን ዲዲአር 4 ራም ገዝተን ብንመለስ አልገባ አለን፤ ለካ ማዘርቦርዱ የሚቀበለው ዲዲአር 3 ብቻ ኖሯል። ሻጩም መልሶ አልወሰደልንም። ከዚህ ስሕተት የተማርነውን በአጭሩ እናቀርባለን።

ማዘርቦርድ የኮምፒውተሩ ክፍሎች ሁሉ የሚገናኙበት ሰሌዳ ነው። ስለዚህ ሌላው ዕቃ የሚመረጠው እርሱን ተከትሎ ነው።

መጀመሪያ የሚታየው ሶኬቱ፣ ይኸውም የፕሮሰሰሩ መቀመጫ ነው። ኤኤም 4 የኤኤምዲን፣ ኤልጂኤ 1700 የኢንቴልን ፕሮሰሰር ይቀበላል፤ አንዱ በሌላው አይተካም።

ሁለተኛው የራሙ ማስገቢያ ነው። ዲዲአር 3 ባለ 240 መገናኛ ሲሆን፣ ዲዲአር 4 እና ዲዲአር 5 እያንዳንዳቸው 288 አላቸው። ቁጥራቸው እኩል ቢሆንም የሁለቱ ክፍተት በተለያየ ስፍራ ስለሆነ አይተካኩም። አልገባ ያለውን በኃይል መጫን ሰሌዳውን ማበላሸት ነው።

ሦስተኛው የሰሌዳው ጤንነት ነው። ያገለገለ የሚገዛ ሰው አናታቸው ያበጠ ካፓሲተሮች እንዳሉ ይመርምር። ሰዓቱና ቀኑ እየተመለሰ የሚያስቸግር ከሆነ ግን፣ ሰሌዳውን ከመጣል በፊት ባለ 3 ቮልቷን ትንሽ ባትሪ መለወጥ ይበቃ ይሆናል።

እንግዲህ ወደ ገበያ የሚሄድ ሁሉ በሰሌዳው ላይ የታተመውን የሞዴል ስም አስቀድሞ ጽፎ ይያዝ። ዋጋ መጠየቅ ከዚያ በኋላ ነው።