የጋራ ንድፍ የሚፈተነው በመጋጠሚያው ላይ ነው



የዛሬው ገለጻዬ በተማሪነት ዘመን በቡድን ስለሚሠራ የንድፍ ፕሮጀክት ነው። አካሄዱን ሁላችንም እናውቀዋለን። አምስት ተማሪዎች አንድ ርእስ ይቀበላሉ፤ በመጀመሪያው ስብሰባ ሥራውን ለአምስት ይከፍሉታል፤ ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ በየፊናው ይሄዳል፤ በማስረከቢያው ሳምንት ደግሞ አንዱ ሌሊቱን ቁጭ ብሎ ክፍሎቹን ይሰፋል። ውጤቱ በሽፋኑ አንድ፣ በውስጡ አምስት ሥራ ይሆናል። ይህን ችግር ብዙውን ጊዜ እንደ ሥነ ምግባር ጉድለት እናየዋለን፤ «እገሌ ሰነፈ» ብለን እናልፈዋለን። እኔ ግን አምስቱም ትጉሃን ቢሆኑ እንኳ እንዲህ ያለ ሥራ ሊወድቅ እንደሚችል ለማሳየት እሞክራለሁ። የንድፍ ከባዱ ጥያቄ የሚነሣው ክፍሎቹ እርስ በርስ በሚገናኙበት ቦታ ነው። ሥራው ሲከፋፈል ለማንም ሳይሰጥ የሚቀረውም ይኸው ቦታ ነው።

ከአገራችን ምሳሌ ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ2010 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ የሥነ ሕንጻ፣ የሕንጻ ግንባታና የከተማ ልማት ኢንስቲትዩት፣ ከስዊዘርላንዱ የዙሪክ የፌዴራል ቴክኖሎጂ ተቋም ጋር በመተባበር ተማሪዎች የተሳተፉበት ባለ አንድ ፎቅ የሙከራ ቤት ተሠራ። «ሱዱ» በሚል ምኅጻረ ቃል የሚታወቀው ይህ ቤት የምድር ቤቱ ግድግዳ ከተጠቀጠቀ አፈር የተሠራ ነው፤ ከበላዩ ያለውን ወለል የሚሸከመው ደግሞ በስስ ንጣፎች የተገነባ ቅስት ነው። ቅስት ክብደቱን ቁልቁል ብቻ አያወርድም፤ የተቀመጠበትን ግድግዳ ወደ ጎንም ይገፋዋል። ስለዚህ ቅስቱን የሚያሰላው የግድግዳውን ውፍረት ሳያውቅ፣ ግድግዳውን የሚያሰላውም የቅስቱን ከፍታ ሳይጠይቅ ሥራውን ሊጨርስ አይችልም። በወረቀት ላይ ተሸፍኖ ሊያልፍ የሚችል መጋጠሚያ፣ ሥራው በቁሙ ሲገነባ ይጋለጣል።

አሁን ወደ ሐይቃችን እንምጣ። እምቦጭ በጣና ላይ መታየቱ ከተመዘገበበት እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ፣ እዚህ ለሚማር የምሕንድስና ተማሪ ከዚህ የቀረበ የንድፍ ጥያቄ ማግኘት ያስቸግራል። አንድ ቡድን የእምቦጭ ማጨጃ ማሽን ሊነድፍ ተነሣ እንበል። አንዱ ቆራጩን፣ ሁለተኛው አረሙን ወደ ላይ የሚያወጣውን ማጓጓዣ፣ ሦስተኛው ተንሳፋፊውን አካል፣ አራተኛው ሞተሩን ወሰደ። የአራቱም ስሌት ለየብቻው ትክክል ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ከእምቦጭ ክብደት ከአሥር እጅ ዘጠኙ ወይም ከዚያ በላይ ውሃ ነው። ቆራጩ በሰዓት የሚያነሣው መጠን የማጓጓዣውን ጭነት ይወስናል፤ ጭነቱ ተንሳፋፊው ምን ያህል እንደሚሰምጥ ይወስናል፤ አረሙ የበረታበት የሰሜን ምሥራቁ የደንቢያና የፎገራ ዳርቻ ደግሞ ውሃው ጥልቀት የለውም። ጥቂት አብዝቶ የሰመጠ ማሽን ጭቃ ላይ ይቀመጣል። ስለዚህ «በአንድ ጊዜ ስንት ኪሎ እርጥብ አረም በማሽኑ ላይ ይኖራል?» የሚለው ቁጥር የአራቱም ነው፤ በክፍፍሉ ውስጥ ግን ባለቤት አልተሰጠውም።

የሥነ ሕይወት ተማሪ በቡድኑ ውስጥ ቢኖር፣ እንደ ልማዳችን የመግቢያውን ምዕራፍ እንዲጽፍ ይመደባል። እምቦጭ ግን ከዘሩ በተጨማሪ በውሃው ላይ በሚዘረጋቸው ቅጥያዎች ይራባል፤ ያመለጠ ቁራጭ በሌላ ስፍራ ሊያቆጠቁጥ ይችላል። እንግዲህ ቆራጩ ምን ያህል ይቆራርጥ የሚለው ጥያቄ ከመካኒክሱ ባልተናነሰ የሥነ ሕይወት ጥያቄ ነው። ያ ተማሪ መቀመጥ ያለበት ከቆራጩ ነዳፊ አጠገብ ነው።

መጋጠሚያ በሙያዎች መካከል ብቻ የሚገኝ አይደለም፤ በነዳፊውና በባለ ልምዱ መካከልም አለ። በጣና ዳር የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ ከደንገል ታንኳ የመሥራት የቆየ ዕውቀት አለው። እ.ኤ.አ. በ1969 ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል ከጣና በተወሰደ ደንገል፣ ከቻድ ሐይቅ በመጡ ባለሙያዎች እጅ፣ በጥንታዊ የግብፅ ሥዕሎች አምሳያ «ራ» የተባለችውን ጀልባ አሠርቶ አትላንቲክን ለማቋረጥ ተነሣ። በሥዕሎቹ ላይ ተቆልምሞ የቆመውን የኋላ ጫፍ ከወለሉ ጋር የሚያያይዝ ገመድ ይታይ ነበር፤ ጥቅሙ ስላልተስተዋለ ግን ተተወ። በባሕር ላይ ኋላዋ እየረገበ ውሃ አስገባ፤ ተጓዦቹም ጉዞውን ሳይፈጽሙ ተዉአት። ገመዱ ለካ የኋላውን ክፍል እንደ ሞላ ወጥሮ የሚይዝ ኖሯል። በ1970 ከቲቲካካ ሐይቅ የመጡ ባለሙያዎች የሠሯት «ራ 2» በ57 ቀን ባርባዶስ ደረሰች። ቡድኑ ከባለ ልምድ የወሰደውን ማንኛውንም ነገር ከመጣሉ በፊት «ይህ ምን ሥራ ይሠራል?» ብሎ መጠየቅ ይኖርበታል።

ከዚህ በመነሣት ሦስት ነገሮችን አሳስባለሁ። አንደኛ፣ ሥራው ከመከፋፈሉ አስቀድሞ ቡድኑ የጋራ ቁጥሮቹን፣ ማለትም ክብደትን፣ ጥልቀትን፣ ኃይልንና ወጪን ይዘርዝር፤ ለእያንዳንዱ መጋጠሚያም ሁለት ተጠያቂዎች ይሰይም። ሁለተኛ፣ ክፍሎቹ ሳይጠናቀቁ፣ በካርቶንም ሆነ በጭቃ፣ ሻካራ የሆነ ሙሉ ሞዴል ገና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይሠራ። ሦስተኛ፣ የተወሰነው ብቻ ሳይሆን የተጣለው አማራጭና የተጣለበት ምክንያት ከነቀኑ ይመዝገብ፤ ያለዚያ ክርክሩ በየሳምንቱ እንደ አዲስ ይጀመራል።

«ይህ ጊዜ ይፈጃል፤ ጎበዙን ተማሪ ወደ ኋላ ይጎትታል» የሚል ተቃውሞ እሰማለሁ። ጊዜ መፍጀቱ እውነት ነው። ሆኖም በመጨረሻው ሳምንት የሚገኝ የመጋጠሚያ ስሕተት ሁሉንም ክፍሎች እንደገና ያሠራል፤ ወይም ይባስ ብሎ ይደበቃል። በዚህ ረገድ እኛ መምህራንም ድርሻ አለን። ለክፍሎቹ ብቻ ነጥብ እየሰጠን ተማሪው ስለ ሙሉው እንዲያስብ ልንጠብቅ አይገባም። በፈተናው ዕለት እያንዳንዱን ተማሪ ስለ ጎረቤቱ ክፍል ብንጠይቀው የቡድኑ አሠራር በአንድ ሴሚስተር ይለወጣል ብዬ አምናለሁ።

በመጨረሻ፣ ይህ ጉዳይ የነጥብ ብቻ አይደለም። በጣና ዳር ያለው ገበሬና ዓሣ አጥማጅ እምቦጭን ለዓመታት ወገቡ ድረስ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅል ኖሯል። እኛ የነደፍነው ማሽን ጭቃ ላይ ሲቆም ተመልሶ ውሃ ውስጥ የሚገባው እርሱ ነው።