የወረዳ ፖሊስ እንዴት ይመራል? ማንስ ይቆጣጠረዋል?

በምዕራብ ጎጃም ገጠር በሬው ሌሊት የተሰረቀበት ገበሬ በቀጥታ ወደ ፖሊስ አይሮጥም። ጎረቤቱን ቀስቅሶ ዱካ ይከተላል፣ የቀበሌውን ሚሊሻ ያስጠራል። ዱካው ወንዝ ላይ ሲጠፋ ግን የወረዳውን ከተማ መንገድ ይይዛል። ጣቢያ ሲደርስ የሚቀበለው የዕለቱ ተረኛ ነው። የበሬውን መልክ፣ የቀንዱን አወጣጥ፣ ጆሮው ላይ ያለውን ምልክት ጠይቆ ይጽፋል። ሲጨርስ ጮክ ብሎ ያነብለታል። «አባባ፣ ያሉት ይኸንን ነው?» ሰውየው «ልክ ነው ልጄ» ካለ በኋላ ይፈርማል፤ መጻፍ ካልቻለ ጣቱን ያሳርፋል።

ይህ የተረኛው ደግነት ብቻ አይደለም። ከ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ጀምሮ የመጣ ግዴታ ነው፤ የአመልካች ቃል በጽሑፍ መስፈር፣ ቀን መያዝ፣ ተነቦለት መፈረም አለበት። ያው ሕግ መርማሪው ምርመራው የደረሰበትን በየዕለቱ የሚመዘግብበት ማስታወሻ እንዲይዝም ያዛል። ስለ ፖሊስ አመራር ሲወራ መኪና፣ ትጥቅና የሰው ኃይል ይቀድማሉ። እኔ ግን አንድን ጣቢያ ማን እንደሚመራው የሚያሳየው መዝገቡ ነው ባይ ነኝ። የዕለት ሁኔታ መዝገብ፣ የእስረኛ መዝገብ፣ የኤግዚቢት መዝገብ፣ የጦር መሣሪያ መረካከቢያ፦ ኃላፊው እነዚህን በየጠዋቱ ከስምሪት በፊት ገልጦ የሚያይ ከሆነ፣ ሌሊት ማን እንደገባ፣ ማን እንደያዘው፣ በምን እንደተጠረጠረ ሳይነገረው ያውቃል። የማያይ ከሆነ ጣቢያውን የሚመራው ተረኛው ነው።

በዚህ አገር ወንጀለኛ ፍለጋ ከፖሊስ በፊትም ነበረ። አውጫጭኝ ሲጠራ የአካባቢው ሰው ሁሉ አንድ ቦታ ተሰብስቦ፣ አጥፊው እስኪታወቅ ድረስ ይቆይ ነበር። ጥፋተኛውን ያወጣ ይሆናል፤ ንጹሑንም ከእርሻው አስቀርቶ ያስጨንቅ ነበር። ከጣሊያን መውጣት በኋላ በ1934 ዓ.ም. የፖሊስ አዋጅ ታወጀና ሥራው ደመወዝ የሚከፈለውና ማዕረግ ያለው ባለሙያ እጅ ገባ።

ዛሬ መዋቅሩ እንዲህ ነው። ባሕር ዳር ላይ የክልሉ ፖሊስ ኮሚሽን አለ። በእሱ ሥር በፍኖተ ሰላም የዞኑ ፖሊስ መምሪያ፣ ከዚያም የወረዳና የከተማ ጽሕፈት ቤቶችና ጣቢያዎች ይከተላሉ። እንደ ቡሬ ባለ ከተማ፣ የባሕር ዳሩ አስፋልትና የነቀምት መንገድ በሚገናኙበት፣ የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክም ባለበት፣ የትራፊኩና የመናኸሪያው ሥራ ይበዛል። ወደ ሰከላና ደጋ ዳሞት ሲወጣ ደግሞ የድንበር ጠብና የደም ጉዳይ ይጠብቃል። በደም ጉዳይ ፖሊስ ገዳዩን ቢይዝም ሥራው እዚያ ላይ አያበቃም፤ ሽማግሌዎች ደም እስኪያደርቁ ድረስ የሟች ወገን ለበቀል እንዳይነሣ መከታተል አለበት። እዚህ ላይ ሽማግሌን ያላከበረ የፖሊስ ኃላፊ ብዙ አይራመድም።

የወረዳ ፖሊስ ኃላፊ ሁለት አለቃ አለው። በሙያው ለዞኑ መምሪያ ይታዘዛል፤ በአስተዳደር ደግሞ ለወረዳው አስተዳዳሪ ሪፖርት ያቀርባል። አስተዳዳሪው «እገሌን ያዙልኝ» ቢለው፣ «በምን ተጠርጥሮ?» ብሎ የመጠየቅ አቅሙ የሚለካው ያን ጊዜ ነው። ግምገማ ላይ ስንት ሰው እንደተያዘ መቁጠር ቀላል ነው። ስንቱ በሕግ እንደተያዘ መጠየቅ ግን ከብዙ ግምገማ ይቀራል፤ ትልቁ ጉድለትም ይህ ይመስለኛል።

የቁጥጥሩ እምብርት 48 ሰዓት ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል፤ ወደ ፍርድ ቤት ለመድረስ በግምት የሚያስፈልገው የጉዞ ጊዜ አይቆጠርም። ይህች የጉዞ ነገር ለገጠሩ ጎጃም ትልቅ ነገር ናት። በክረምት ወንዝ ሞልቶ መንገድ የሚቆረጥበት ቀበሌ አለ፤ በዚህ ምክንያት የዘገየ አጃቢ ሕግ አልጣሰም። አስፋልት ዳር ታስሮ «መኪና የለም» ተብሎ ቅዳሜና እሑድ የሚያልፍበት ሰው ግን መብቱ ተነክቷል። ልዩነቱን የሚያወጣው የተያዘበት ሰዓት በትክክል መመዝገቡ ነው። ፍርድ ቤት ከቀረበ በኋላም መርማሪው ጊዜ ቀጠሮ ቢጠይቅ በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን በላይ አይፈቀድለትም።

እንግሊዞች በ1984 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሕግ እስረኛን የሚቆጣጠረው መኮንን በዚያው ሰው ምርመራ ውስጥ እጁን እንዳያስገባ አደረጉ። ሰው ባነሰበት የወረዳ ጣቢያ ይህን መፈጸም ይከብዳል። ቢሆንም መርማሪው ራሱ የማረፊያ ክፍሉን ቁልፍ እንዳይዝ ማድረግ ገንዘብ አይጠይቅም።

ከውጭ ሆነው የሚያዩም አሉ። ዐቃቤ ሕግ ምርመራውን የመከታተልና ለፖሊስ ትእዛዝ የመስጠት ሥልጣን አለው። በአዋጅ ቁጥር 210/1992 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንም ጣቢያዎችን ይጎበኛል። ይህ ሁሉ ክፉኛ የተፈተነው በ2015 ዓ.ም. ክረምት ነው። በክልሉ ውጊያ ተነሥቶ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፣ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ማሰር ተፈቀደ፤ እስከ 2016 ዓ.ም. ግንቦት መጨረሻ አካባቢም ጸና። ተራው ፖሊስ በሁለት እሳት መካከል ቆመ፤ ልጅ የታሰረባት እናትም ስንቅ ይዛ የት እንደምትሄድ ጠፋት።

አዋጅ በሌለበት ጊዜ ይህች እናት መንገድ አላት። ልጇ በጊዜው ፍርድ ቤት ካልቀረበ፣ በመጀመሪያ ለጣቢያው ኃላፊ፣ ቀጥሎ ለዞኑ መምሪያና ለዐቃቤ ሕግ ማመልከት ትችላለች። ካልሰሟት አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ ለከፍተኛ ፍርድ ቤት ይቀርባል። ዳኛው ልጁን አስቀርቦ፣ የያዘው ፖሊስ በምን ሕግ እንደያዘው እንዲያስረዳ ያዛል።