ከናይሮቢ መድረክ እስከ ዓለም ሲኒማ

በልጅነቱ መድረክ ላይ ወጥቶ የተጨበጨበለት፥ ካደገ በኋላ ግን የተረሳ ተዋናይ ብዙ ነው። ሕዝቡ የወደደው ልጅነቱን ስለ ነበረ፥ ጢም ሲያወጣ ይተወዋል። በናይሮቢ ያደገችው ወይዘሪት ሉፒታ ኒዮንጎ ከዚህ ዕጣ እንዴት እንዳመለጠች መመርመር፥ ልጆች ላሉት ወላጅ ሁሉ የሚጠቅም ይመስለናል።

ሉፒታ የተወለደችው በፈረንጆች አቈጣጠር በ1983 ዓ.ም. በሜክሲኮ ከተማ ነው። አባትዋ ፕሮፌሰር ፒተር አንያንግ ኒዮንጎ በአገራቸው ከነበረው የፖለቲካ ችግር ርቀው በዚያ ያስተምሩ ነበር። ቤተ ሰቡ ወደ ኬንያ ሲመለስ ልጅቱ ገና አንድ ዓመት አልሞላትም። ዘመድ በተሰበሰበ ጊዜ ልጆቹ ተነሥተው ትርኢት ማሳየታቸው በቤታቸው የተለመደ ነበር። ዐሥራ አራት ዓመት ሲሆናትም፥ ፊኒክስ ፕሌየርስ የተባለው የናይሮቢ የቴአትር ማኅበር ባሳየው «ሮሜዎና ዡልየት» የዡልየትን ቦታ ይዛ ተጫወተች። ይህን ተውኔት አንባቢያችን ከክቡር ከበደ ሚካኤል ትርጕም ያውቀዋል፤ የሼክስፒር ዡልየትም ዐሥራ አራት ዓመት ሊሞላት ጥቂት ቀን የቀራት ልጅ ናት። በእኛ አገር በቀድሞ ዘመን ቢሆን ኖሮ፥ ከዘመድ አንዱ «ልጅቱ አዝማሪ ልትሆን ነውን?» ብሎ ሳይቈጣ አይቀርም ነበር።

በዐሥራ ስድስት ዓመትዋ ወላጆችዋ እስጳንኛ እንድትማር ለሰባት ወር ወደ ሜክሲኮ ላኳት። ባዕድ ቋንቋ የሚማር ሁሉ እንደሚያውቀው፥ ምላስን ለአዲስ ድምፅ ማስገዛት ቀላል ሥራ አይደለም፤ ለተዋናይ ግን ድካሙ ራሱ ትምህርት ነው።

ዋናው ቁም ነገር ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ልጅቱ ዳግመኛ ለመታየት አልቸኰለችም። አሜሪካ ሄዳ በሃምፕሻየር ኮሌጅ ስለ ፊልምና ስለ ቴአትር ተማረች። በ2005 ዓ.ም. የወጣው «ዘ ኮንስታንት ጋርድነር» የተባለው ፊልም ሲዘጋጅ፥ ከካሜራው በስተ ኋላ ከሚደክሙት ሠራተኞች አንዷ ነበረች። ወይዘሮ ሚራ ናየር ባዘጋጁት፥ በ2006 ዓ.ም. በወጣው «ዘ ኔምሴክ»ም እንዲሁ አገለገለች። እንዲህ ያለው ሥራ ጭብጨባ የለውም፤ ፊልም እንዴት እንደሚሠራ ግን ከሥሩ ያሳያል። በ2009 ዓ.ም. የቆዳ ቀለም ሳይኖራቸው ተወልደው በኬንያ ስለሚንገላቱ ሰዎች የራስዋን ፊልም አዘጋጀች፤ በዚያው ዓመት በናይሮቢ በተሠራው «ሹጋ» በተባለው የቴሌቪዥን ድራማ ተጫወተች። ይህም አልበቃትም። ዬል ዩኒቨርሲቲ የድራማ ትምህርት ቤት ገብታ በ2012 ዓ.ም. ጨረሰች። ዡልየትን ከተጫወተች ወደ ዐሥራ አምስት ዓመት አልፎ ነበር።

በማግሥቱ ዓመት በወጣው «ትዌልቭ ይርስ ኤ ስሌቭ» ፓትሲ የተባለችውን ባሪያ ሆና በመጫወትዋ፥ በ2014 ዓ.ም. በረዳት ተዋናይነት ኦስካር ተሸለመች፤ ከኬንያ ተዋንያን ይህን ሽልማት በማግኘት የመጀመሪያዋ ናት። በ2018 ዓ.ም. «ብላክ ፓንተር» በተባለው ፊልም ኮሳ በሚባለው የደቡብ አፍሪካ ቋንቋ ተናገረች። በ2019 ዓ.ም. «አስ» በተባለው ደግሞ ሁለት ሴቶችን ብቻዋን ተጫወተች።

እኛ ግን የምናስበልጠው በ2016 ዓ.ም. የወጣውን «ኲን ኦፍ ካትዌ» ነው። በዚህ ፊልም ሉፒታ በካምፓላ ድኾች ሰፈር የምትኖር እናት ናት። ልጅዋ በቼዝ ጨዋታ ታላቅ ተስፋ ስታገኝ፥ እናትዮዋ ተስፋው ኋላ እንዳይሰብራት ፈርታ መጀመሪያ ትከለክላታለች። ልጅቱን የተጫወተችው ማዲና ናልዋንጋ ከዚያ በፊት በፊልም ሠርታ አታውቅም። አዘጋጅዋም፥ ሉፒታ ከዐሥር ዓመት በፊት በሠራተኛነት ያገለገለቻቸው ሚራ ናየር ነበሩ።