የፈረስ ማረጋጊያና ማርከሻው

በፈረስ ሕክምና ማርከሻ የሚባለው፣ በማረጋጊያ መድኃኒት የፈዘዘን ፈረስ ቶሎ ወደ ንቃቱ የሚመልስ መድኃኒት ነው። ማርከሻ ሲባል መርዝ ትዝ ይላል፤ እዚህ ግን የሚያረክሰው ሐኪሙ ራሱ አስቦበት የሰጠውን መድኃኒት ነው።

ፈረስ ሲሰነጋ፣ ቁስሉ ሲሰፋ ወይም ጥርሱ ሲሞረድ ማረጋጊያ ይወጋል። በብዛት የታወቀው ዛይላዚን ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1962 ጀርመን ውስጥ የተሠራው ለሰው የደም ግፊት ታስቦ ነበር። ዴቶሚዲንና ሮሚፊዲን የሚባሉትም የእርሱ ዘመዶች ናቸው። ዛይላዚን በአንገት ደም ሥር ሲሰጥ ፈረሱ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ጭንቅላቱን ይደፋል፣ የታች ከንፈሩ ይላላል፣ እግሩን ፈርከክ አድርጎ ይቆማል። በደቂቃ ከ28 እስከ 44 ጊዜ የሚመታው ልቡ ይዘገያል፤ የአንጀቱ እንቅስቃሴም ይቀንሳል። ይህ ሁሉ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ቆይቶ በራሱ ይለቃል። ዴቶሚዲን ከዚያም በላይ ይቆያል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የነርቭ ሴሎች ላይ አልፋ ሁለት የሚባሉ ተቀባዮች አሉ። ማረጋጊያው እነርሱ ላይ ሲያርፍ፣ እንስሳውን ንቁ የሚያደርገው ኖርአድሬናሊን መመንጨቱ ይቀንሳል። ማርከሻው ደግሞ እዚያው ቦታ ላይ ይቀመጣል፤ ነገር ግን ሥራ አይሠራም፤ ማረጋጊያውን ቦታ ከማስለቀቅ በቀር። ለዚህ የሚያገለግሉት ቶላዞሊን፣ ዮሂምቢንና አቲፓሜዞል ናቸው። ዮሂምቢን የሚገኘው በምዕራብና በመካከለኛው አፍሪካ ከሚበቅል ዛፍ ቅርፊት ነው። አቲፓሜዞል በመሠረቱ ለውሻ የተዘጋጀ ነው።

ማርከሻ በብዛት የሚያስፈልገው መጠን ሲበዛ ነው። ዛይላዚን በአንድ ሚሊ ሊትር 20 ሚሊ ግራምም፣ 100 ሚሊ ግራምም ሆኖ ይሸጣል። 250 ኪሎ ለሚመዝን ፈረስ በኪሎ 1 ሚሊ ግራም ቢታዘዝ፣ ከወፍራሙ 2.5 ሚሊ ሊትር፣ ከቀጭኑ 12.5 ሚሊ ሊትር ይሆናል። ጠርሙሱ ተምታቶ 12.5 ሚሊ ሊትሩ ከወፍራሙ ከተቀዳ፣ ፈረሱ አምስት እጥፍ ይወስዳል ማለት ነው። የከብት ነገር ደግሞ ሌላ ነው፤ ላም ለዛይላዚን ከፈረስ አሥር እጥፍ ያህል ስሱ ስለሆነች፣ የአንዱ መጠን ለሌላው አይሠራም።

ይሁንና ማርከሻው ዋጋ አለው። ማረጋጊያው ሕመምንም ያስታግስ ስለነበር፣ እርሱ ሲረክስ የቁስሉ ሕመም አብሮ ይነሣል። በፍጥነት ከተወጋ ልብ ሊጣደፍ፣ የደም ግፊት ሊወርድ፣ ፈረሱም ሊደናገጥ ይችላል፤ ስለዚህ በዝግታና በልክ ይሰጣል። የማርከሻው ኃይል ቀድሞ ካለቀ ፈረሱ ተመልሶ ሊፈዝ ይችላል። እንዲሁም አሴፕሮማዚን የተባለውን ሌላ ማረጋጊያና ኬታሚን የተባለውን ማደንዘዣ የሚያረክስ መድኃኒት የለም። ዛይላዚን ከኬታሚን ጋር ተሰጥቶ ፈረሱ ተኝቶ ከሆነ፣ ዛይላዚኑን ብቻ ቀድሞ ማርከስ ኬታሚኑን ለብቻው ያስቀረዋል፤ ፈረሱም ተንፈራግጦ ሊጎዳ ይችላል።

ስለዚህ ችግር ከሌለ የሚመረጠው መጠበቅ ነው። ጉለሌ ውስጥ ከዊንጌት ሰፈር በላይ እንዳለው የእንጦጦ ተዳፋት ባለ ቦታ፣ ቁልቁለቱ ራሱ ጥንቃቄ ይጠይቃል። እግሩን ያልተቆጣጠረ ፈረስ ቁልቁል ቢነዳ ሊወድቅ ስለሚችል፣ ሜዳ ላይ ታስሮ ጥላ ሥር ይቆያል። ድርቆሽም ቶሎ አይቀርብለትም፤ ገና ሳይነቃ ከበላ ምግቡ ጉሮሮው ላይ ሊሰነቀር ይችላል። ጭንቅላቱን አቅንቶ፣ ጆሮውን ወደ ድምፅ አዙሮ፣ ሳይንገዳገድ ሲራመድ መንቃቱ ይታወቃል። እስከዚያ ድረስ ከኋላው መቆም አይገባም፤ የፈዘዘ የሚመስል ፈረስም ድንገት ይራገጣል።