የውጤት ሰሌዳው ለምን ነዘረ?

ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ሁላችንም በክፍል የተማርነው፣ ሜዳ ላይ ስንወጣ ግን የምንዘነጋው ነው፤ የግራውንድ ነገር።

በዲፓርትመንቶች የእግር ኳስ ውድድር ላይ የኤሌክትሮኒክ የውጤት ሰሌዳውን መብራት የማገናኘት ኃላፊነት የእኔ ነበር። የሰሌዳው ስፒና ባለ ሦስት፣ ያገኘሁት ማከፋፈያ ግን ባለ ሁለት ነበር። ጨዋታው ሊጀመር ስለሆነ ስፒናውን ቆርጬ በባለ ሁለት ተካሁት፤ ቢጫና አረንጓዴዋን ሽቦ በፕላስተር ጠቅልዬ ተውኳት። ሰሌዳው በራ፣ ተጨበጨበልኝ። ከዕረፍት በኋላ ካፊያ ጣለ። ኳስ ሊያመጣ የሮጠ ልጅ በባዶ እግሩ ሆኖ የሰሌዳውን ብረት ነካና «ኧረ ይነዝራል!» ብሎ ጮኸ። ደግነቱ እጁን ቶሎ አነሣ። እኔም ሮጬ ነቀልኩት።

በማግስቱ ከላብራቶሪ ረዳታችን ጋር ሰሌዳውን ፈታነው። የተላጠ ሽቦ የለም። ይሁን እንጂ በፍሬሙና በግራውንድ መካከል በመልቲሜትር ስንለካ 108 ቮልት አገኘን። ይህ ከየት መጣ?

መልሱ ያለው ኤልኢዲዎቹን የሚመግቡት ፓወር ሰፕላዮች ውስጥ ነው። በእነሱ ውስጥ ረብሻን የሚያጣሩ ትንንሽ ካፓሲተሮች አሉ፤ አንዱ ከፌዝ ወደ ፍሬሙ፣ ሌላው ከኒውትራል ወደ ፍሬሙ የተያያዘ። ግራውንድ ከሌለ ፍሬሙ የሁለቱ መሃል ላይ ይንሳፈፋል፤ ይኸውም የ220 ግማሽ ነው። አንዱ ፓወር ሰፕላይ ግማሽ ሚሊ አምፔር ቢያፈስ፣ ስምንት ሲሆኑ 4 ሚሊ አምፔር ይሆናል። ልጁን የነዘረው ይኸው ነው። ግራውንዱ ቢኖር ኖሮ ይህ ከረንት በሽቦው ይሄድ ነበር፤ የሄደው ግን በልጁ ነው። ከ10 ሚሊ አምፔር ገደማ በላይ ቢሆን ደግሞ ጡንቻ ይጨብጥና እጅን ማላቀቅ ያቅታል።

ይህ እንግዲህ ሁሉም ነገር ደህና ሆኖ ሳለ ነው። ፌዙ ተልጦ ብረቱን ቢነካስ? የረጠበ ሰው 1000 ኦም ቢኖረው 220 ሚሊ አምፔር ያልፍበታል። ልብን ለማቆም ከበቂ በላይ ነው።

ብዙ ሰው «ታዲያ አንድ ዘንግ መሬት ውስጥ መቅበር ነዋ!» ይላል። እስቲ እናስላው። ዘንጉ 20 ኦም ቢኖረው፣ 220 ለ20 ሲካፈል 11 አምፔር ይሆናል። ባለ 16 አምፔር ብሬከር በዚህ አይወድቅም። ሰሌዳው ግራውንድ አለው ብለን ተማምነን ሳለ ብረቱ በኤሌክትሪክ እንደተሞላ ይቆያል ማለት ነው። ስለዚህ የሚከተሉትን ማሟላት ያስፈልጋል፦

1. ቢጫና አረንጓዴው ሽቦ ሳይቋረጥ እስከ ፓኔሉ ግራውንድ ድረስ ይሂድ።

2. ባለ 30 ሚሊ አምፔር አርሲዲ ይግባ። ይህ መቁረጫ የሚሄደውንና የሚመለሰውን ከረንት ያወዳድራል፤ ልዩነት ሲያገኝ ሰው ከመጎዳቱ በፊት ይቆርጣል።

3. ሶኬት ውስጥ ኒውትራልን ከግራውንድ ማጣመር ፈጽሞ ክልክል ነው። ኒውትራሉ መንገድ ላይ ቢበጠስ ፍሬሙ 220 ይሆናል።

4. ገመዱ ቀጭን አይሁን። የእኛ ሜዳ ከፓኔሉ 80 ሜትር ይርቃል። በ7 አምፔር፣ 0.75 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ ገመድ 26 ቮልት ያህል ይበላል፤ 2.5 ካሬ የሆነው ግን 8 ቮልት ብቻ። የተጠቀለለ ማከፋፈያም ይሞቃልና ሙሉ በሙሉ ይተርተር።

5. ነጎድጓድ ሲሰማ ከሰሌዳው እንራቅ። አርሲዲ ከመብረቅ አያድንም።

አሁን ባለ ሦስት ሽቦ ገመድና አርሲዲ ገብቶለታል። ከየጨዋታው በፊት የአርሲዲውን መሞከሪያ ቁልፍ እጫናለሁ፣ ፍሬሙንም በመልቲሜትር እለካለሁ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ያን ቀን ግን ይህችን ሁለት ደቂቃ ስሰስት የሰው ልጅ ሕይወት ላጠፋ ነበር። ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ሰሌዳው ስለበራ ብቻ ሥራው አልቋል አንበል።

ቸር ይግጠመን!