ስም ወይስ እውቅና? የምህንድስና ትምህርት ፈላጊው ወጣትና አነስተኛው ኮሌጅ

በየዓመቱ መጸው ሲገባ፣ በዊልስደንና በአካባቢው በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ዘንድ አንድ ክርክር ይነሣል። ልጁ ምህንድስና መማር ይሻል፤ መምህሩ በሙያው ላይ ብቻ ያተኮረ አነስተኛ ኮሌጅ ይጠቁመዋል፤ ወላጆቹ ግን ስሙ አገር ቤት ድረስ የሚታወቅ ዩኒቨርሲቲ ካልሆነ አይሆንም ይላሉ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ክርክሩ በምን መመዘኛ ሊፈታ እንደሚችል ማብራራት ነው። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ወላጆች ታላቅ ስም የሚሹት ለከንቱ ውዳሴ ነው ብለን አናምንም። ከመካከላችን በአገር ቤት በመሐንዲስነት ተመርቀው፣ እዚህ ለንደን ዲግሪያቸው ተገቢውን ግምት ስላላገኘ ከሙያቸው ርቀው የኖሩ ብዙዎች ናቸው። ይህ ዕጣ በልጃቸው ላይ እንዳይደገም መስጋታቸው ተገቢ ነው። ጥያቄው፣ ከዚህ ዕጣ የሚጠብቀው የተቋሙ ስም ነው ወይስ ሌላ ነገር? የሚለው ነው።

በመጀመሪያ ከራሳችን ታሪክ እንነሣ። የኢትዮጵያ የምህንድስና ትምህርት የተጀመረው በታላቅ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አልነበረም። በ1950ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ ላይ የተከፈተው የምህንድስና ኮሌጅም ሆነ፣ በ1954 በስዊድን ርዳታ የተቋቋመው የሕንፃ ኮሌጅ፣ እያንዳንዳቸው አነስተኛና በአንድ ሙያ የተወሰኑ ነበሩ። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በ1961 ሲመሠረት እነርሱን በሥሩ አሰባሰበ እንጂ እርሱ አልወለዳቸውም። በ1963 በሶቪየት ኅብረት ርዳታ የተከፈተው የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩትም እንደ ጨርቃ ጨርቅ፣ ብረታ ብረት፣ እንጨትና ኤሌክትሪክ ባሉ ጥቂት ሙያዎች ባለሙያዎችን ሲያሠለጥን ቆይቶ፣ በ2000 ለባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ መመሥረት አንደኛው ምሰሶ ሆኗል። ስለዚህ አነስተኛ ኮሌጅን በአነስተኛነቱ ብቻ መናቅ የራስን መሠረት መዘንጋት ነው።

ወደ እንግሊዝ አገር ስንመለስ፣ "ኮሌጅ" የሚለው ቃል ራሱ አሳሳች መሆኑን እናያለን። በዓለም ዝነኛ የሆነው ኢምፔሪያል ኮሌጅ በስሙ ኮሌጅ ነው። በሌላ በኩል በ1991 የዊልስደን ቴክኖሎጂ ኮሌጅና የኪልበርን ፖሊቴክኒክ ተዋህደው የመሠረቱት የሰሜን ምዕራብ ለንደን ኮሌጅ፣ በ2017 ደግሞ ከሲቲ ኦፍ ዌስትሚንስተር ኮሌጅ ጋር በአንድ አስተዳደር ሥር የሆነው፣ በዋናነት ወደ ሥራና ወደ ከፍተኛ ትምህርት የሚያሸጋግር የሙያ ተቋም ነው። ሦስተኛው ዓይነት በአነስተኛነቱ እየኮራ ዲግሪ የሚያስተምር አዲስ ተቋም ነው። በዊልትሸር በ2017 የተከፈተው የዳይሰን ተቋም ተማሪውን ደመወዝ እየከፈለ፣ የትምህርት ክፍያም ሳይጠይቅ የሚያስተምር ሲሆን፣ በሄሪፎርድ በ2021 የመጀመሪያ የዲግሪ ተማሪዎቹን የተቀበለው ኤንማይት ደግሞ የሂሳብና የፊዚክስ ኤ-ሌቭልን ግዴታ ሳያደርግ ተማሪዎችን በተግባራዊ ፕሮጀክት ለማስተማር የተነሣ ነው።

የአነስተኛ ተቋም ጥቅሙ ግልጽ ነው። መምህሩ ተማሪውን በስሙ ያውቀዋል፤ ተማሪውም መሣሪያውን ለመንካት ወረፋ አያበዛም። በቤቱ የሚያማክረው መሐንዲስ ለሌለው የስደተኛ ልጅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ጉዳቱም መሸሸግ የለበትም። ወጣቱ በሁለተኛው ዓመት ሐሳቡን ቀይሮ ወደ ሕክምና ወይም ወደ ሕግ ልዙር ቢል በዚያው ግቢ የሚዞርበት በር አያገኝም፤ አዲስ ተቋም ከሆነ ደግሞ ስለ ጥራቱ የሚመሰክሩለት ምሩቃን ገና ጥቂት ናቸው።

እንግዲህ ከመወሰን በፊት ሊጠየቁ ይገባል የምንላቸው ጥያቄዎች አራት ናቸው። አንደኛ፣ ዲግሪውን የሚሰጠው ማን ነው? ኮሌጁ ራሱ ነው ወይስ ሌላ ዩኒቨርሲቲ? ሁለተኛ፣ ትምህርቱ በሙያ ማኅበራት እውቅና አግኝቷልን? በዚህ አገር የሲቪል፣ የሜካኒካልና የኤሌክትሪክ መሐንዲሶች ማኅበራት ከኢንጂነሪንግ ካውንስል በተሰጣቸው ሥልጣን የዲግሪ ትምህርቶችን ይመረምራሉ፤ የጸደቁትንም ማንም ሰው ከካውንስሉ ዝርዝር ማየት ይችላል። የባችለር ዲግሪ ብቻውን ለቻርተርድ ኢንጂነርነት የሚፈለገውን የትምህርት ደረጃ አያሟላም፤ የማስተርስ ደረጃ ወይም ተመጣጣኙ ያስፈልጋል። በ1989 የተፈረመው የዋሽንግተን ስምምነት ደግሞ በፈራሚ አገሮች የጸደቁ የምህንድስና ዲግሪዎች በሌሎቹም ዘንድ እንዲከበሩ መሠረት ጥሏል። ሦስተኛ፣ መሰላሉ ወዴት ያደርሳል? ኤች.ኤን.ሲ. አራተኛ ደረጃ፣ ኤች.ኤን.ዲ. አምስተኛ፣ የባችለር ዲግሪ ስድስተኛ ደረጃ ነው፤ ይህን የያዘ ተማሪ በስንተኛው ዓመት እንደሚቀበሉት ዩኒቨርሲቲዎቹን አስቀድሞ በጽሑፍ መጠየቅ ይገባል። አራተኛ፣ ተቋሙ ቢዘጋ ተማሪው ወዴት ይሄዳል? በተማሪዎች ጽሕፈት ቤት የተመዘገበ ተቋም የተማሪዎች ጥበቃ ዕቅድ ሊኖረው ስለሚገባ፣ ያንን ሰነድ ማንበብ ያሻል።

የገንዘቡም ጉዳይ አለ። በ2025/26 የትምህርት ዓመት በእንግሊዝ ለአገሬው ተማሪ የተወሰነው ከፍተኛ ዓመታዊ ክፍያ 9,535 ፓውንድ ነበር። በስደተኛነት ፈቃድ ያገኘ ሰው የሦስት ዓመት ነዋሪነት ሳይጠበቅበት የመንግሥት የትምህርት ብድር ሊጠይቅ ይችላል፤ ጉዳዩ ገና ያልተወሰነለት ጥገኝነት ጠያቂ ግን ብድሩን ስለማያገኝ፣ አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች ለእንዲህ ያሉ ተማሪዎች የሚሰጡትን ነጻ የትምህርት ዕድል ቀደም ብሎ ማፈላለግ ይኖርበታል።

አባቶቻችን "ከመጠምጠም መማር ይቅደም" ይላሉ። የተቋሙ ስም ጥምጥሙ ነው፤ እውቅናውና ወደ ፊት የሚያደርሰው መሰላል ግን ትምህርቱ ራሱ ነው። እውቅና የሌለው ትምህርት በታላቅ ስም ሥር ቢሰጥም የወላጆችን ዕጣ በልጆች ላይ ሊደግም ይችላል፤ እውቅና ያለው አነስተኛ ኮሌጅ ግን ልጁን ከዚያ ዕጣ ሊያድነው ይችላል። ስለዚህ ወላጅና ልጅ በስም ከመከራከራቸው በፊት እነዚህን አራት ጥያቄዎች ይዘው የኮሌጁን ቤተ ሙከራ አብረው ቢጎበኙ፣ ክርክሩ በግማሽ ያልቃል የሚል እምነት አለን።